ማግማውን ሳያዩት በምን አወቁ?

"ቲቸር፣ ማግማውን በዓይናቸው ካላዩት እዛ መኖሩን በምን አወቁ?"

ክፍል ውስጥ የተጠየቅኩት ነው፣ የፈንታሌና የዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ በከረመበት ሰሞን። ልጁ ከልቡ ነው የጠየቀኝ፣ ምክንያቱም ያኔ ቲክቶክ ላይ አንዱ ማግማው (ከመሬት በታች ያለው የቀለጠ ድንጋይ) እዚህ ደርሷል ይላል ሌላው ደግሞ ኧረ ማግማ ምናምን የለም ይላል፣ ሁለቱም ግን ያሉትን ነገር በምን እንዳወቁት አይናገሩም። እኔ ደግሞ ጅማ ላይ ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ፣ ይሄ ነገር ከሞገድ ምዕራፍ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ክፍለ ጊዜው አልበቃኝም፣ ስለዚህ እዚህ በሰፊው ልጻፈው ብያለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ የራሳችንን መሬት ላንሳ። እኛ ጅማ ያለነው ስምጥ ሸለቆው ውስጥ አይደለንም፣ ከሱ በስተምዕራብ ያለው ደጋ ላይ ነን፣ ቅርባችን የሚጤስ ተራራ የለም። ግን ቡናችን የሚበቅልበት ቀይ አፈር ከየት መጣ ብትሉ ከላቫ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊትና ከዛም ቀደም ብሎ ከመሬት ስንጥቅ እየፈሰሰ ተደራርቦ የቆመ ባዛልት ነው፣ ዝናቡና ሙቀቱ በብዙ ዘመን አፍርሶት አፈር ያደረገው። ጂኦሎጂስቶች እንዲያውም ያንን የድንጋይ ንብርብር በኛ ከተማ ስም ነው የሚጠሩት፣ የጅማ ቮልካኒክስ ይሉታል። እና "እሳተ ገሞራ የአፋር ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም" ሲባል ስሰማ አይዋጥልኝም።

ወደ ጥያቄው ስንመጣ። ቤት ውስጥ ሮቶው ውስጥ ውሃ መኖሩን ለማወቅ ክዳኑን አንከፍትም፣ በጣት ኳ ኳ እናደርገዋለን፣ ባዶው ቦታ ላይ ድምፁ ሌላ ነው ውሃ ያለበት ቦታ ላይ ሌላ ነው። ሴይስሞሎጂ፣ ማለትም የርዕደ መሬት ሞገድ ጥናት፣ የሚሰራውም ይሄንኑ ነው፣ ልዩነቱ መሬትን ኳ ኳ የሚያደርጋት ርዕደ መሬቱ ራሱ መሆኑ ነው። መሬት ውስጥ አንድ ቦታ ድንጋይ ሲሰበር ሞገድ በሁሉም አቅጣጫ ይወጣል። ሁለት ዋና ዋና አይነት ሞገድ አለ። አንደኛው ፒ የሚባለው ነው፣ ድንጋዩን እያመቀና እየለቀቀ የሚሄድ፣ ልክ አየር ላይ እንደሚሄድ ድምፅ፣ ላይኛው የመሬት ቅርፊት ውስጥ በሰከንድ 6 ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳል። ሁለተኛው ኤስ ነው፣ ድንጋዩን ወደ ጎን እያወዛወዘ የሚሄድ፣ በሰከንድ 3.5 ኪሎሜትር ገደማ። ስለዚህ ሁልጊዜ ፒ ቀድሞ ይደርሳል።

ይሄን ለተማሪዎቼ ያሰራኋቸው በራሳችን ከተማ ነው። ከፈንታሌ እስከ ጅማ ቀጥታ ቢለካ 370 ኪሎሜትር ገደማ ነው። እዛ የተነሳ የፒ ሞገድ እኛ ጋ ለመድረስ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፣ ኤሱ ደግሞ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ይፈጅበታል። ማለትም መተሐራ ያለ ሰው ሲንቀጠቀጥበት ስልክ አንስቶ "ተሰማችሁ?" ብሎ እስኪደውልልን ሞገዱ ከእግራችን ስር አልፎ ሄዷል። እኛ ላይሰማን ይችላል፣ ሴይስሞሜትር የሚባለው የመንቀጥቀጥ መለኪያ መሳሪያ ግን ይሰማዋል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ሞገዱ የሚሄድበት ፍጥነት የሚወሰነው በሚያልፍበት ነገር ነው። ቀዝቃዛና ጠንካራ ድንጋይ ውስጥ ይፈጥናል፣ የጋለ ድንጋይ ውስጥ ይዘገያል፣ ድንጋዩ በከፊል ከቀለጠ ደግሞ በጣም ይዘገያል። በተለይ ኤስ ሞገድ ፈሳሽ ውስጥ ጭራሽ አያልፍም፣ ፈሳሽ ወደ ጎን ሲገፋ መልሶ አይገፋምና። ስለዚህ ከአንድ ርዕደ መሬት የተነሳ ሞገድ አንዱ የመለኪያ ጣቢያ ላይ በሰዓቱ ደርሶ ሌላው ጣቢያ ላይ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ፣ በሁለተኛው መንገድ ላይ የሆነ የሚያዘገይ ነገር አለ ማለት ነው። የት ላይ እንዳለ ግን በአንድ መንገድ ብቻ አይታወቅም፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ የትም ሊሆን ይችላል። በሺዎች የሚቆጠሩ መንገዶች ከየአቅጣጫው ሲቆራረጡ ነው የሚለየው። የዘገዩት መንገዶች ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ከተገናኙ፣ ጉዳዩ ያለው እዛ ነው። ከመሬት በታች ያለውን በትናንሽ ሳጥን ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ሳጥን ፍጥነት እየሰጡ ኮምፒዩተሩ የተሰላው ሰዓትና የተለካው ሰዓት እስኪቀራረብ ድረስ ያስተካክለዋል። ይሄ ቶሞግራፊ ይባላል፣ ሆስፒታል ያለው ሲቲ ስካን የሚሰራበት ሂሳብም የዚሁ ዘመድ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልናገር። ተራራው ስር ትልቅ ዋሻ አለ፣ ዋሻው ውስጥ እሳት የሆነ ሐይቅ አለ፣ ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው፣ መጽሐፍ ላይ የሚሳለውም እንደዛ ነው። ሞገዱ የሚያሳየን ግን ብዙ ጊዜ እንደሱ አይደለም። አብዛኛው ክፍል ጠጣር ክሪስታል ነው፣ በክሪስታሎቹ መሀል መሀል ነው ቅልጡ ያለው። አሜሪካ የሎውስቶን እሳተ ገሞራ ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት ላይኛው የማግማ ክምችት ውስጥ ቅልጡ ከ16 እስከ 20 በመቶ እንደሚሆን ነው የተገመተው፣ ቀሪው ጠጣር ነው። ለዛ ነው አንድ ተራራ ስር ማግማ አለ ማለትና ሊፈነዳ ነው ማለት በጣም የሚለያየው፣ ዜና የሚሰሩ ልጆች ይሄን አንድ ነገር ብቻ ቢይዙልኝ ደስ ይለኛል።

ሌላም ችግር አለ። ሞገድን የሚያዘገየው ማግማ ብቻ አይደለም። ሙቅ ውሃ የሞላው ስንጥቅ ያዘገያል፣ ጋዝ ያዘገያል፣ የተፈረካከሰ ድንጋይም ያዘገያል። ለዚህ የፒና የኤስ ፍጥነት ንፅፅር ይጠቅማል፣ ፈሳሽ ሲበዛ ኤስ ከፒ ይልቅ በጣም ይጎዳል፣ ጋዝ ሲሆን ደግሞ የፒው ጉዳት ይብሳል። ግን እሱም መቶ በመቶ አይለይም። ጠንቃቃ የሆኑት ተመራማሪዎች የኤሌክትሪክ ልኬት፣ የስበት ልኬት፣ ከመሬት የሚወጣ ጋዝ እያሉ ሌላ ማስረጃ የሚደርቡት ለዛ ነው።

የኛ አገር ታሪክ ደግሞ እዚህ ላይ በጣም ደስ ይላል። ጥር 1995 ላይ ኢግል የሚባል ፕሮጀክት ነበር፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች አብረው የሰሩት። ስምጥ ሸለቆውን አቋርጠውና ተከትለው ወደ 1000 የሚጠጉ ሴይስሞሜትሮች ደረደሩ፣ ከዛ ርዕደ መሬት እስኪመጣ ሳይጠብቁ ራሳቸው ጉድጓድ ቆፍረው ፈንጂ አፈነዱ፣ ምክንያቱም ፈንጂው የት እና በስንት ሰዓት እንደፈነዳ በትክክል ስለሚታወቅ ስሌቱ ይጠራል። እና ምን አገኙ? ስምጥ ሸለቆው መሀል ማግማ ስላለ ሞገዱ ይዘገያል ብሎ ነው ሰው የሚጠብቀው አይደል፣ 10 ኪሎሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ያገኙት ግን ሞገድ የሚፈጥንባቸውን አካላት ነው፣ 20 ኪሎሜትር ገደማ ስፋትና 50 ኪሎሜትር ገደማ ርዝመት ያላቸው፣ ልክ ከላያቸው የተደረደሩትን እሳተ ገሞራዎች ተከትለው የተቀመጡ። ከታች የመጣ ማግማ ቀዝቅዞ ጠንክሮ የቀረ ነው፣ ከጎኑ ካለው አሮጌ ድንጋይ ይልቅ ከባድና ጠንካራ ስለሆነ ሞገዱን ያፈጥነዋል። እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል፣ አህጉሩ የሚከፈለው በመሰበር ብቻ አይደለም፣ ማግማው እየገባ እየቀዘቀዘ እንደገና እየገባ ነው ቀስ በቀስ የሚያሰፋው ማለት ነው። ከዛ በታች፣ ማንትል በሚባለው ከመሬት ቅርፊት ስር ባለው ወፍራም ንብርብር ውስጥ ደግሞ በተቃራኒው ሞገድ በጣም ይዘገያል፣ ከኢትዮጵያ ስር ያለው ማንትል በዓለም ላይ ሞገድ ክፉኛ ከሚዘገይባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ምንጩ እዛ ታች ነው።

የማግማ መግባቱ ራሱ ሲሆን የታየው ደግሞ መስከረም 1998 ላይ ነው፣ አፋር ዳባሁ። በሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ በማግማ ተሞላ፣ መሬቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ፣ ላይ የወጣው ፍንዳታ ግን ትንሽ ነበር፣ አብዛኛው ማግማ እዛው ከስር ቀረ። እንደዚህ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ማግማ ዳይክ ይባላል። ያኔ ቅርብ የሆነ ሴይስሞሜትር አልነበረም። ከዛ ወዲያ ግን ተተከለ፣ እና በቀጣዮቹ ዓመታት እስከ 2002 ድረስ ከአስር በላይ ዳይኮች ሲገቡ ትናንሾቹ ርዕደ መሬቶች ከማግማው ጫፍ ጋር አብረው ሲጓዙ መከታተል ተቻለ። ማግማው ወደፊት ሲገፋ ፊቱ ያለውን ድንጋይ ይሰብራል፣ የተሰበረበት ቦታ ሲለካ ማግማው ያለበት ይታወቃል፣ በሰዓት ስንት እየሄደ እንደሆነ ሳይቀር። "እሳቱ የት ደረሰ?" ለሚል ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊመልስ የሚችለው ይሄ ነው።

እዚህ ጋ ነው እኔን በጣም የሚያስጨንቀኝ ነገር ያለው። ምስል መስራትና መከታተል አንድ ነገር አይደሉም። ኢግል ሄደ፣ መሳሪያዎቹ ተነቅለው ተወሰዱ። ከዛ በኋላ በአፋር፣ በአሉቶ እሳተ ገሞራ የተተከሉት መረቦችም አብዛኞቹ ጊዜያዊ ነበሩ፣ የፕሮጀክቱ ብር ሲያልቅ ይነቀላሉ። የቀረልን የዛ ጊዜ ምስል ነው፣ በጣም የሚያምር ምስል፣ ግን ዛሬ ስሩ ምን እንዳለ አይነግረንም። ለመከታተል ደግሞ ያው መሳሪያ እዛው ቦታ ላይ ዓመት ከዓመት መቀመጥ አለበት፣ ሰላማዊ በሆነው ጊዜ ያለውን ፍጥነት ካላወቅክ የተለወጠውን በምን ታውቃለህ።

ደስ የሚለው ነገር ለመከታተል ርዕደ መሬት እንኳን አያስፈልግም። መሬት ሁሌ ትንቀጠቀጣለች፣ በጣም በትንሹ። የውቅያኖስ ማዕበል ከባህሩ ወለል ጋር ሲጋጭ የሚፈጥረው ሞገድ አህጉሩን ሁሉ አቋርጦ ይመጣል፣ ባህር የሌለን እኛ ጋ ሳይቀር፣ አሁን ይሄን የምታነቡበት ወንበር ስርም አለ። ሁለት ጣቢያዎች የመዘገቡትን ይሄን ጫጫታ ለሳምንታት ሰብስበው ሲያነፃፅሩት በሁለቱ መሀል ሞገድ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ይወጣል። በየቀኑ ከሰሩት ፍጥነቱ ሲለወጥ ያያሉ። ህንድ ውቅያኖስ ላይ ባለው ሬዩንየን ደሴት ያለው ፒቶን ደ ላ ፉርኔዝ የሚባል እሳተ ገሞራ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት ከፍንዳታ በፊት ፍጥነቱ 0.1 በመቶ ገደማ ሲቀንስ ታይቷል፣ ከስር የሚገፋው ማግማ ተራራውን ስለሚነፋውና ስንጥቆቹን ስለሚከፍታቸው። 0.1 በመቶ! እና ተለክቷል።

ግን ዝናብም ፍጥነቱን ይለውጠዋል፣ ውሃ መሬት ውስጥ ሲሰርግ። የጅማን ክረምት የምታውቁ ትረዱኛላችሁ፣ ከግንቦት እስከ መስከረም መሬቱ ጠጥቶ ጠጥቶ ሌላ ነገር ነው የሚሆነው። ስለዚህ እንደኛ ባለ አገር የብዙ ክረምት መዝገብ ከሌለ የዝናቡንና የማግማውን ለውጥ መለየት ከባድ ነው፣ ቋሚ ጣቢያ ያልኩበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ዘዴው ሁሉን ያያል እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 አይስላንድ ክራፍላ ላይ ለእንፋሎት ኃይል ሲቆፍሩ እቅዳቸው ከ4 ኪሎሜትር በላይ መውረድ ነበር፣ 2.1 ኪሎሜትር ላይ መሰርሰሪያው ማግማ ውስጥ ገባ። ክራፍላ ማለት በዓለም ላይ በደንብ ከተጠኑት ተራሮች አንዱ ነው፣ ግን እዛ ማግማ አለ ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ምክንያቱ የሞገዱ ርዝመት ነው፣ ሞገዱ በመቶዎች ሜትር የሚለካ ከሆነ ከዛ ያነሰን ነገር እየዞረ ያልፈዋል፣ ምልክቱ ይደበዝዛል። ትናንሽ ኪሶችን ማየት የሚቻለው ጣቢያዎቹ ተቀራርበው ሲተከሉና የሞገዱ መድረሻ ሰዓት ብቻ ሳይሆን ሙሉ ቅርፁ ሲሰላ ነው፣ ያ ደግሞ ከባድ ኮምፒዩተር ይፈልጋል። ግሪክ ሳንቶሪኒ አጠገብ ባህር ስር ያለው ኮሉምቦ ላይ ይሄን አድርገው ቀድሞ ያልታየ ትንሽ የማግማ ክምችት አግኝተዋል።

አሁን ወደ ፈንታሌ። መስከረም 2017 ላይ ጀመረ፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ በረታ፣ ከ5 ማግኒቲውድ የሚያልፉ መጡ፣ መንቀጥቀጡ ከፈንታሌ ወደ ሰሜን ወደ ዶፈን ሄደ፣ ዶፈን ላይ እንፋሎትና አቧራ ከመሬት ወጣ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ቤቱን ትቶ ወጣ። ብዙዎቻችን እዛ ዘመድ አለን፣ ጅማ መርካቶ ውስጥ ከመተሐራ ሽንኩርት የሚያመጡ ሹፌሮች ራሳቸው ይነግሩን ነበር። ከስር ዳይክ መግባቱን በዋናነት ያሳየው የሳተላይት ራዳር ነው፣ መሬቱ በሴንቲሜትር ሲነሳና ሲሰፋ ከሰማይ ይለካል። ሳተላይት ጥሩ ነው፣ አከብረዋለሁ፣ ግን በተወሰኑ ቀናት ልዩነት ነው የሚያልፈው። ዛሬ ሌሊት ማግማው ጉዞ ቢጀምር የሚነግርህ እዛው መሬት ላይ ያለ ሴይስሞሜትር ነው፣ በሰከንድ 100 ጊዜ እየለካ የሚልክ። ጥልቀቱንም በትክክል ለማወቅ ጣቢያው ቅርብ መሆን አለበት፣ ከሩቅ ሆኖ 5 ኪሎሜትርና 10 ኪሎሜትርን መለየት ያስቸግራል፣ ለተፈናቀለ ሰው ግን የዛ ልዩነት ትርጉም አለው።

ከዛ ደግሞ ሐምሌ 2017 ኤርታሌ ፈነዳ፣ ማግማ ከመሬት ስር ወደ ደቡብ በሀይሊ ጉቢ በኩል መሄዱ በሳተላይት ታየ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 እሁድ ዕለት ሀይሊ ጉቢ ራሱ ፈነዳ፣ ከዛ በፊት መፈንዳቱ በታሪክ ያልተመዘገበ ተራራ ነው። አመዱ የመንን አልፎ ህንድ ድረስ ደርሶ በረራ አሰረዘ። የአፍዴራ አካባቢ አርብቶ አደር ከብቶቹ የሚግጡት ሳር በአመድ ተሸፈነ። እኔ ያን ቀን ቪዲዮዎቹን ሳይ የታሰበኝ አንድ ነገር ነው፣ ከሐምሌ እስከ ኅዳር አራት ወር ነበረ። ፊሊፒንስ ፒናቱቦ ላይ እ.ኤ.አ. በ1991 ተራራው መነቃቃት የጀመረው መጋቢት ላይ ነው፣ መሳሪያ ተክለው ቀን ከሌሊት ተከታትለው ሰኔ 15 ላይ ዋናው ፍንዳታ ሲመጣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። በሦስት ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ ማለት ነው። ይቻላል።

ባለሙያ የለንም እንዳይባል አለን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ተቋም ከ1950ዎቹ ጀምሮ መሬቱን እየመዘገበ ያለ ነው፣ ፕሮፌሰር አታላይ አየለን የፈንታሌ ጊዜ ሁላችንም ቴሌቪዥን ላይ አይተናቸዋል። የጎደለው ጣቢያው፣ ጣቢያውን የሚጠብቀው ሰው፣ ባትሪውና ዳታ የሚልክበት ኔትወርክ ነው። ጣቢያዎቹ ደግሞ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ብቻ መሆን የለባቸውም፣ ቅድም እንዳልኩት መንገዶቹ ከየአቅጣጫው መቆራረጥ አለባቸው፣ በምስራቅ ብቻ የተደረደረ መሳሪያ ምስሉን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል። የምዕራቡ ጎን ማለት እኛ ነን፣ ጅማ፣ ወሊሶ፣ ነቀምት፣ ቦንጋ። ከኢንዶኔዥያ የሚመጣ የትልቅ ርዕደ መሬት ሞገድ ከስምጥ ሸለቆው ስር አልፎ እኛ ጋ ሲወጣ የሚቀበለው መሳሪያ እዚህ ቢኖር የማንትሉ ምስል ይጠራ ነበር። ራስበሪ ሼክ የሚባል ትንሽ ሴይስሞሜትር አለ፣ በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች ላብራቶሪያቸው ወለል ላይ ያስቀምጡታል፣ የትልልቆቹን ያህል ባይሆንም ዳታው ኢንተርኔት ላይ ይገባል፣ ተመራማሪም ይጠቀምበታል። የጅማ ትምህርት ቤቶች ተባብረን አንድ ብናስመጣ ብዬ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እየተነጋገርን ነው፣ ከውጭ ያላችሁ የጅማ ልጆች በዚህ ልትረዱን የምትችሉ ካላችሁ ጻፉልኝ።

እስከዛው ደግሞ መንቀጥቀጥ ሲሰማችሁ ፌስቡክ ላይ ብቻ አትጻፉት። ላስትኩዌክ የሚባል አፕ አለ፣ የአሜሪካው ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ዌብሳይት ላይም "ተሰማችሁ ወይ" የሚል ፎርም አለ፣ ሰዓቱን፣ ሰፈሩን፣ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደነበራችሁ፣ የተንጠለጠለ ነገር ተወዛውዞ እንደሆነ ትሞላላችሁ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አዲስ አበባ ተሰምቶ ጅማ ካልተሰማም "አልተሰማኝም" ብሎ መሙላት ይቻላል፣ እሱም ራሱ ዳታ ነው። ጅሬን ያላችሁ፣ ኮቺ ያላችሁ፣ አጋሮ ያላችሁ፣ ከኛ አካባቢ የሚሞላ ሰው ጥቂት ስለሆነ የእያንዳንዳችሁ መልስ ከአዲስ አበባው ሰው መልስ ይልቅ ክፍተት ይሞላል።